በጨረፍታ መቁጠርና ኦቲዝም፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በባሕር ዳር ገበያ ሎሚ የምትሸጥ ሴት መደብ ስትሠራ አትቆጥርም፤ እጇ አምስቱን ያነሣል፣ ዓይኗ ያረጋግጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጣችና፣ ልጁ በእንዲህ ያለ መደብ አጠገብ ሲያልፍ «አራት ነው» እያለ ጎዶሎውን እንደሚያጋልጥ፣ ጎረቤቶቿም ይህንን አይተው «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እኮ እንዲህ ናቸው፤ ሳይቆጥሩ ያውቃሉ» እንዳሏት ነገረችኝ። ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት አስቀድሞ በሐኪም ተረጋግጦ ነበር። የእናቲቱ ጥያቄ የንግግር ሥልጠናውን አቋርጣ ጊዜውን ሁሉ ለሒሳብ ታድርገው ወይ የሚል ነበር። የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ብሆንም፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አንዱን ራሴ ፈጽሜዋለሁ።

የሌሎቹ ሁሉ ምንጭ የሆነው ስህተት ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን እንደ አንድ ችሎታ መመልከት ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ወይም አራት የሚደርሱ ነገሮችን ማንኛውም ሰው ሳይቆጥር፣ ወዲያውና ያለ ስህተት ያውቃቸዋል። ብዛታቸው ከዚያ ሲያልፍ የሚቀሩት መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ አንድ በአንድ መቁጠር ወይም መገመት። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ ይህንን በራሱ ላይ የፈተነው በባቄላ ነው። ጥቁር ባቄላ እየዘገነ ወደ አንድ ሣጥን ይወረውርና፣ ፍሬዎቹ እንዳረፉ በአንድ ዕይታ ቁጥራቸውን ይናገራል፤ ከዚያም ቆጥሮ ከግምቱ ጋር ያመሳክራል። ከ1,000 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1871 ሲያሳትም፣ ባቄላዎቹ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ አንድም ጊዜ አለመሳሳቱን፣ ከአምስት ጀምሮ ግን ስህተት እየገባ ቁጥሩ ሲጨምርም አብሮ እያደገ መሄዱን ገለጸ። ዛሬ ሙከራው በኮምፒዩተር ነጥቦች ሲደገም ተመሳሳይ መልክ ይታያል፤ እስከ አራት ድረስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ነጥብ መልሱን የሚያዘገየው በጥቂቱ ሲሆን፣ ከአራት በኋላ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ሩብ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያስጨምራል። ተመራማሪዎች ለመጀመሪያው ችሎታ እ.ኤ.አ. በ1949 «ድንገተኛ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ስም አወጡለት፤ እኔ እዚህ በጨረፍታ ማወቅ እለዋለሁ።

ገበጣ የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ያለ ተመራማሪ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጠጠር ሦስት ወይም አራት ሲሆን ተጫዋቹ አይቶ ብቻ ያልፋል፤ ጠጠሩ ሲከማች ግን አንገቱን ሰበቅ አድርጎ በዓይኑ አንድ በአንድ ይለቅማል። ግምት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። በጣና ዳር አሥር ቀረሶ ያለበትንና ሃያ ቀረሶ ያለበትን ክምር ማንም ለይቶ ትልቁን ይመርጣል፤ አንዱ መቶ፣ ሌላው መቶ አሥር ሲሆን ግን በሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ አሥር ሆኖ ሳለ ዓሣ አስጋሪው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ለግምት ወሳኙ በክምሮቹ መካከል ያለው ምጥጥን እንጂ የልዩነቱ መጠን አይደለም።

ይህንን ይዘን ወደ ልጁ ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አራት ሎሚ በጨረፍታ ማወቅ የሁላችንም ችሎታ ነው። ልጁን የለየው ማየት መቻሉ ሳይሆን፣ እኛ ቦርሳችንን ስንፈታና ዋጋ ስንከራከር እርሱ ሎሚውን መመልከቱ፣ ያየውንም ሳያቅማማ መናገሩ ነበር። ትኩረቱ በዝርዝር ነገሮች ላይ ማረፉ ከኦቲዝሙ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ የቁጥር ተአምር ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ስህተት ከሲኒማ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው «ሬይን ማን» ፊልም ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ገጸ ባሕርይ መሬት ላይ የተበተኑ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨቶችን አይቶ ወዲያው 246 መሆናቸውን ይናገራል። በሀገራችን ጆይ የተባለው የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2002፣ ማለትም ከፊልሙ 14 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ከባለሙያ ቀድሞ እንጨቶቹን ማወቁ አያስደንቅም። ነገር ግን ለገጸ ባሕርይው መነሻ የሆነው አሜሪካዊው ኪም ፒክ ሲወለድ ጀምሮ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ያልነበረው፣ በማስታወስ ችሎታው የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ኋላ ላይ ኦቲዝም እንደሌለበት ተነግሯል። ከእንጨቶቹ በፊትም የክብሪት ታሪክ ነበረ፤ የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ መንታ ወንድማማቾች ከጠረጴዛ ላይ የወደቀ ክብሪት እንዳዩ በአንድ ድምፅ «111» ማለታቸውን፣ ቀጥለውም «37» የሚለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ መጥራታቸውን እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፏል። ይህ የአንድ ሰው ትዝታ እንጂ ቁጥጥር የተደረገበት ሙከራ አልነበረም፤ ከዓመታት በኋላም ተመራማሪዎች በጽሑፍ ጥርጣሬያቸውን አቅርበውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ከወላጆች በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጽሑፍ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ልዩ ተሰጥኦ እንዳላቸው የተነገረላቸው ከአሥር አንድ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። «ልዩ ተሰጥኦ» የሚለውን በሰፊው የተረጎሙ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ከፍ ቢያደርጉትም፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ተሰጥኦ የላቸውም የሚለው አልተለወጠም። ካላቸውም መካከል በብዛት የሚጠቀሱት ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ የቀን መቁጠሪያ ስሌትና የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት የነገረችንን እናት «ታዲያ ምን ተሰጥኦ አለው?» ብሎ መጠየቅ፣ ጠያቂው ሊያጽናናት አስቦ ቢሆንም፣ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ልቆጥረው ይቅርና ልገምተውም አልችልም።

ሌላው ስህተት ፍጥነቱን የኦቲዝም ምልክት አድርጎ መያዝና በቤት ውስጥ እህል በትኖ ልጅን «መመርመር» ነው። ኦቲዝም የሚለየው በማኅበራዊ ግንኙነትና መግባባት ላይ በሚታይ ችግር፣ እንዲሁም በተደጋጋሚ ባሕርያትና በተወሰኑ ጉዳዮች ላይ በሚያተኩር ዝንባሌ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መስፈርት ውስጥም ቁጥርን በጨረፍታ ማወቅ አልተጠቀሰም። ፈጥኖ የሚያውቅ ልጅ ኦቲዝም አለበት አይባልም፤ ቀስ ብሎ የሚቆጥርም የለበትም አይባልም።

የተማሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት ደግሞ ከጥናቶቹ አንዱን ብቻ አንብቦ መደምደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃሮልድና ራስል የተባሉ ተመራማሪዎች ነጥቦችን አንዴ እንደ ዳይስ ገጽ በተለመደ ቅርጽ ደርድረው፣ አንዴ በትነው ለልጆች አሳዩ፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ነጥቦቹን እንደ አንድ ምስል ከመያዝ ይልቅ በተናጠል ወደ መቁጠር የማዘንበል ምልክት አሳዩ። ይህም ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ዝርዝሩ ከጠቅላላው ምስል ቀድሞ ይታያል ከሚለው አስተሳሰብ ጋር ተያይዞ ተተረጎመ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በመገመት ችሎታቸው እጅግ የላቁ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሁለት ልጆች በጥናት ቀረቡ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው 32 ልጆች በዕድሜና በአእምሮ ችሎታ ከሚመጣጠኗቸው ሌሎች 32 ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የነጥቦችን ብዛት በማነጻጸርም፣ ቁጥርን በመሥመር ላይ በቦታው በማስቀመጥም፣ በሒሳብ ፈተናም ዝቅ ያለ ውጤት አስመዘገቡ። እነዚህ ግኝቶች እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስሉት ከአንድ ሰው ወደ ሁሉም ስንዘል ብቻ ነው። ሁለት ልጆች የሚያሳዩት ሊሆን የሚችለውን ነው፤ 32 ልጆች የሚያሳዩት አማካዩን ነው፤ ሁለቱም ስለ አንድ የተወሰነ ልጅ አስቀድመው አይናገሩም።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አለን ስናይደርና ባልደረቦቹ በ12 ጤነኛ ሰዎች የግራ አንጎል ክፍል ላይ መግነጢሳዊ ምት ሰጥተው የአሥሩ ግምት መሻሻሉን ዘግበዋል። ጥናቱ ትንሽ፣ ለውጡም ጊዜያዊ ስለሆነ፣ ይህን እንደ ሕክምና የሚያቀርብ ሰው ቢያጋጥም አለመስማት ይበጃል።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። ልጁን ለማየት ጠረጴዛ ላይ የበቆሎ ፍሬ በተንሁ፤ «ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ «አሥራ ሁለት» አለኝ፤ ልክ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «በጨረፍታ ይቆጥራል» ብዬ ጻፍሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ከጠረጴዛው ሥር ሳይ፣ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት በነጠላ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ልጁ በፍጥነትና በዝምታ አንድ በአንድ እየቆጠረ ነበር። ፍሬዎቹን ስላልሸፈንኋቸው የፈለገውን ያህል ጊዜ ሰጥቼው ኖሯል። በጨረፍታ ማወቅን ለማየት ዕይታው ከግማሽ ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ክዳን አንሥቶ ወዲያው መመለስ ይበቃል። ፍሬዎቹም እኩል መጠን ያላቸው መሆን የለባቸውም፤ አለበለዚያ ልጁ ብዛቱን ሳይሆን የተሸፈነውን ስፋት ሊያነጻጽር ይችላል። ንግግር ለሚከብደው ልጅ ደግሞ «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሌላ ፈተና ነው፤ የቃል መልስ ከመጠበቅ ተመሳሳይ ብዛት ያለበትን ካርድ በጣቱ እንዲያመለክት ማድረግ ይሻላል። ሁካታ በበዛበት ገበያ መሐል መፈተንም ለብዙዎቹ ልጆች በድምፁ ምክንያት ውጤቱን ያዛባል።

ከዚህ የሚከተለውን ስህተት በአንዳንድ መምህራን ላይ አያለሁ፤ አንድ በአንድ የሚቆጥረውን ልጅ «አትቁጠር፣ በዓይንህ እይ» ብለው ይገሥጹታል። ቆጥሮ ትክክል መድረስ ጥፋት አይደለም። ብዛትን በቡድን እንዲያይ ከተፈለገ፣ አምስቱን ሎሚ እንደ ዳይስ አራቱን በማዕዘን፣ አንዱን በመሐል አድርጎ መደርደርና ሦስትና ሁለት ሆኖ እንዲታየው መርዳት ይቻላል፤ አንዳንዱ ልጅ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ መቁጠሩን ይመርጣል።

ለእናቲቱ የሰጠኋት መልስ የንግግር ሥልጠናውን እንዳታቋርጥ ነበር። ሎሚውን ግን በሥልጠናው ውስጥ አስገባነው። ልጁ ጎዶሎ መደብ ሲያይ ለአየር «አራት ነው» ማለቱን ትቶ፣ ወደ ሻጯ ዞሮ «እትዬ፣ አንድ ይጨምሩልኝ» እንዲል ተለማመደ። ለዚህች ዐረፍተ ነገር አራት ወር ገደማ ፈጅቶብናል፤ የመጀመሪያዋ ሻጭ ሁለት ጨመረችለት፣ እርሱም አንዱን መለሰላት።