ቮልስ የታርማ በርን ዳገት ስትወጣ ለምን ታንኳኳለች?

ደብረ ብርሃን ላይ ቆንጆ የምትሄድ ቮልስ አለችኝ። ሸዋ ሮቢት ወርደን ስንመለስ ግን ከሸዋ ሮቢት ወደ ታርማ በር የሚያወጣው ዳገት ላይ "ቀጭ ቀጭ" የሚል የብረት ድምፅ ታሰማ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቤንዚኑን ነው። ችግሩ ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚተኩስበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ ከከፍታው ጋር ይያያዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎው ዝግ ይላል። ካንዴላው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢተኩስ እዚህ ሞተሩ ደስ ይለዋል። በጆሮው ብቻ የሚያስተካክል መካኒክ እዚያው ላይ ያስረዋል። ቆላ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀትም ይጨምራል። ያው ታይሚንግ አሁን ከልክ በላይ የቀደመ ይሆናል። ድምፁን ችላ ካላችሁ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። እባካችሁ፣ ሲያንኳኳ ነዳጅ ቀንሱ፣ ማርሽ አውርዱ።

ስታስነሱ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታም ታይሚንጉ ቀድሟል ማለት ነው። ጉልበት ካጣች፣ በጣም ከጋለች ወይም ማርሚታው ውስጥ ከተኮሰች ደግሞ ዘግይቷል። ያኔ ዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን) ለማዞር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ፑንቲና፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን መቆራረጫ፣ እዩ። የፑንቲናው እግር ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን።

አሁን ታይሚንጉ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን) በሰዓት አቅጣጫ አዙሩና ምልክቱን ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አግጥሙ። ምልክቱ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ለምሳሌ በ1500 ሲሲው ሞተር ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ ጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት መጠቆም አለበት። ካልጠቆመ ፑሌጃውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

ከባትሪያችሁ ቮልት ጋር የሚሄድ አምፖል ውሰዱ። አንዱን ሽቦ ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው) ወደ ፑንቲናው ከሚሄደው ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። ማሰሪያውን አላልታችሁ ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ፣ ከዚያ በቀስታ መልሱት። አምፖሉ ልክ ሲበራ እሰሩት። ቁልፉን ወዲያው ዝጉ፣ አለበለዚያ ቦቢናው ይግላል።

በምልክቱ ከታሰረ በኋላ ደጋው ላይ ትንሽ ልትሰንፍባችሁ ትችላለች። እኔ ያንን እመርጣለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ሞክሯት፤ አሁንም ካንኳኳች ዲስትሪቢውተሩን በሰዓት አቅጣጫ በጣም በጥቂቱ አዙሩና እንደገና ውጡ።