የሊኑክስ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ መብራት ሄዶ ሥራ መሀል ላይ የቀረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ያገኘውን ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ሁሉ መጫን ነው። መቅደም ያለበት ግን መለካት ነው።

ሳይለኩ ማስተካከል። ቻርጀሩን ነቅለው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፓወርቶፕ የተባለውን የኃይል መለኪያ ፕሮግራም በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ይክፈቱ። ጥቂት ቆይቶ ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚስብ ያሳያል። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 10 ዋት ከተሳበበት 5 ሰዓት፣ 7 ዋት ከተሳበበት 7 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ቀጥሎ የባትሪውን መረጃ በሚያሳየው ዩፓወር በተባለ ትእዛዝ ሁለት ቁጥሮችን ያነጻጽሩ፦ ባትሪው አሁን ሲሞላ የሚይዘውንና አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውን። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ሁለተኛው 50፣ የመጀመሪያው 25 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ይህን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም፤ ባትሪ መቀየር ነው።

ሁለት ቆጣቢ ባንድ ላይ ማሠራት። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመን የሚባል ኃይል ቆጣቢ ይዞ ይመጣል። ቲኤልፒ የተባለውን ሌላ ቆጣቢ ሲጨምሩበት ሁለቱም የፕሮሰሰሩን ቅንብር ይነካሉ፤ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ይሽረዋል። ለአብዛኛው ሰው ከኡቡንቱ ጋር የመጣው የቁጠባ ሁነታ ይበቃል። ቲኤልፒ የሚፈለግ ከሆነ ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመንን ያስወግዱት ወይም በሲስተምሲቲኤል ትእዛዝ ማስክ ያድርጉት (እንዳይነሣ ይዝጉት)። የፓወርቶፕ ኦቶ ቲዩን በራሱ የሚያስተካክለው ቅንብር ደግሞ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ የዩኤስቢ ማውስንም ስለሚያስተኛ ብዙ ሰው ማውሱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሁልጊዜ 100 በመቶ ላይ መሰካት። ሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቆየቱ ነው። ስለዚህ በቲኤልፒ ቅንብር ፋይል ውስጥ መሙላት የሚጀምርበትን 75 በመቶ፣ የሚያቆምበትን 80 በመቶ ማድረግ የተለመደ ምክር ነው። እዚህ ላይ ግን ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው ማመዛዘን አለበት፦ መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት ሰፈር 80 ላይ መቆም ማለት አንድ አምስተኛውን ሰዓት መተው ነው። መብራቱ ደህና በሆነበት ሰሞን 80 ላይ ይተዉት፤ መቆራረጥ ሲጀምር ወደ 90 ያሳድጉት። ለመንገድ ሲነሡ ደግሞ የቲኤልፒ ፉልቻርጅ ትእዛዝ ገደቡን ለዚያ ጊዜ ብቻ አንሥቶ እስከ ጥግ ይሞላል። ገደብ የማይቀበል ላፕቶፕም አለ፤ የእርስዎ መቀበሉን የቲኤልፒ ስታት ትእዛዝ የባትሪ ክፍል ይነግርዎታል።

ክዳኑን ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት። ዘጋሁት ማለት ተኛ ማለት አይደለም። በሲስ ማውጫ፣ ፓወር ሥር ያለውን ሜም ስሊፕ የሚባል ፋይል ያንብቡ፤ በቅንፍ የተከበበው ቃል የሚሠራበትን የእንቅልፍ ዓይነት ያሳያል። ኤስ ቱ አይድል ከሆነ ማሽኑ ቀላል እንቅልፍ ላይ ነው፤ አንድ ነገር ከቀሰቀሰው ቦርሳ ውስጥ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ዐባይ በረሃ ሲወርድ ይህ በውጭው ሙቀት ላይ ይደመራል። ዲፕ (ጥልቅ እንቅልፍ) የሚል አማራጭ በፋይሉ ውስጥ ካለ ሜም ስሊፕ ዲፎልት በተባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ቅንብር ወደ እሱ ይቀይሩ። ከሌለ አያስገድዱት፤ ለረጅም መንገድ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት።

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ሳይታወቅ እንዲነቃ መተው። ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ዋናው በላተኛ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ምንም ሳይሠራ ብዙ ዋት ሊስብ ይችላል። ኡቡንቱ ላይ፣ ተርሚናል ውስጥ በሱዶ ፕራይም ሰሌክት ኢንቴል ብለው ሥራውን ወደ ኢንቴሉ ግራፊክስ ያዙሩ፣ ሪስታርት ያድርጉና ዋቱን እንደገና ይለኩ። ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ካልሠሩ ብዙም የሚያጡት ነገር የለም።

ቪዲዮን በፕሮሰሰር ማጫወት። ትምህርት በቪዲዮ የሚከታተል ተማሪ ቪዲዮ ሲከፍት ማራገቢያው ከጮኸ ይህን ይጠርጥር። በፋየርፎክስ የችግር መፍቻ ገጽ፣ የሚዲያ ክፍል ሥር የሃርድዌር ዲኮዲንግ (ቪዲዮን ከፕሮሰሰሩ ይልቅ በግራፊክሱ መፍታት) መደገፉን ይመልከቱ፤ ካልተደገፈና ግራፊክሱ ኢንቴል ከሆነ ይህን የሚያስችለውን የኢንቴሉን የቪኤ ኤፒአይ ድራይቨር ይጫኑ። የስክሪን ብርሃን ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ በረንዳ ላይ ካልሆኑ ግማሹ ይበቃል።