ለሙዚቃ የሚሆን ሆም ቲያትር ሪሲቨር በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይመረጣል?

ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም። ከሲዲ ማጫወቻ፣ ከቴሌቪዥን፣ ከስልክ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልከውን ሳጥን ነው። አብዛኛው ለፊልም ተብሎ ስለሚሰራ ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ቻናል ብዛትና (ለየብቻ የሚነዳቸው ስፒከሮች ቁጥር ማለት ነው) ስለ ምስል ጥራት ነው። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው ትንሹ ነው።

መጀመሪያ ስፒከሩን ወስኑ። ገንዘባችሁ የተወሰነ ከሆነ ትልቁን ድርሻ ለእሱ ስጡ። ሙዚቃ በአብዛኛው የሚቀዳው ለሁለት ስፒከር ነው፤ ሁለት ጥሩ ስፒከር አምስት ተራዎችን ያስንቃል። ከዚያ ማኑዋሉ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጋችሁ ያዙ፦ ኦሙን (ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ ነው) እና ሴንሲቲቪቲውን። ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚያወጣ ነው።

ቀጥሎ ዋት። ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ የሚለካው አንድ ቻናል ብቻ እየሰራ፣ በ6 ኦም፣ በ1 ኪሎኸርዝ ድምፅ ብቻ፣ አንዳንዴም የድምፁ መዛባት 10 በመቶ እስኪደርስ ተለቆ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው የለም። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽኑን ከፍታችሁ ሌላኛውን መስመር ፈልጉ። 8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ማለት ነው)፣ ሁለት ቻናል አብሮ ሲሰራ፣ መዛባቱም ከ0.1 በመቶ በታች የሚለውን። ያው ዕቃ እዚህ መስመር ላይ ዋቱ በግማሽ ገደማ ቢወርድ አትደንግጡ፤ እውነተኛው ቁጥር ይሄኛው ነው። ሁለት ሪሲቨር ስታወዳድሩ የአንዱን የካርቶን ዋት ከሌላው የዚህ መስመር ዋት ጋር እንዳታስተያዩ። ይህን መስመር ጨርሶ የማይጽፍ አምራች ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ለዋት ብዙ አትጨነቁ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አስር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በ80 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 1 ዴሲቤል እንኳን አይሞላም፤ ለእሱ ተብሎ የሚከፈል ጭማሪ ያሳዝነኛል። ሴንሲቲቪቲው 90 የሆነ ስፒከር ግን 84 ከሆነው ጋር እኩል ለመጮህ ሩብ ያህሉ ኃይል ይበቃዋል። ስፒከሩን አስቀድሙ ያልኩት አንድም ለዚህ ነው። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ ሪሲቨሩ እንደሚፈቅድ ማኑዋሉን እዩ። ሴቲንግ ውስጥ ያለው የኦም መቀየሪያ መፍትሄ ይመስላል፣ ነገር ግን በብዙዎቹ ላይ የሚያደርገው ሙቀት እንዳይበዛ ኃይሉን መቀነስ ነው።

ቻናል 5.1፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር)፣ ከበቂ በላይ ነው። ዘጠኝ ቻናል ያለው ርካሽ ሪሲቨር አንዱን ትራንስፎርመር ለዘጠኝ ያካፍላል። ይልቅ ፕሪ አውት (ገና ያልጎላውን ድምፅ የሚያወጣ መሰኪያ) መኖሩን እዩ፤ ወደፊት ሌላ አምፕሊፋየር መጨመር ብትፈልጉ ሪሲቨሩን ሳትጥሉ በዚያ በኩል ታገናኙታላችሁ። ሸክላ የምታጫውቱ ከሆነ ፎኖ የሚል ማስገቢያ ይኑረው። ከስልክ ለመስማት ደግሞ በዋይፋይ የሚሰራ ይሻላል፤ ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው።

የክፍሉን ድምፅ በማይክ ለክቶ የሚያስተካክል ሲስተም ለእኔ ከዋት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቤዙን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ክፍሉ ራሱ ነው። ዴኖንና ማራንትዝ ኦዲሲ፣ ያማሃ ዋይፓኦ ይሉታል፤ በአንዳንድ የኦንክዮ ሞዴሎች ዲራክ ይገኛል። በአንድ ስም ስር ቀላልና ጠንካራ ደረጃ ስላለ የሞዴሉን ዝርዝር አንብቡ። ሰብዉፈሩንም የሚያስተካክለውን ምረጡ።

አሁን ሁለተኛ እጅ። ለሙዚቃ ከሆነ እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ሪሲቨር በቶሎ ዋጋው የሚወርደው ምስልና ድምፅ አብሮ የሚያልፍበት የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ስሪት ስለሚያረጅ ነው፤ ሙዚቃው በዚያ የሚጎድልበት ነገር የለም። ቴሌቪዥኑን በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት ይቻላል። በአዲሱ መናኛ ሞዴል ዋጋ የቀድሞውን ትልቅ ሞዴል ልታገኙ ትችላላችሁ። ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ። የራሳችሁን ስፒከር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁሉንም ቻናል ተራ በተራ ስሙ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ማስገቢያዎቹንም አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጫውታችሁም ድንገት እንደማይጠፋ አረጋግጡ። ሪሞቱንና ማይኩን ጠይቁ። ማይኩ እንደ አምራቹና እንደ ሞዴሉ ሊለያይ ስለሚችል ያገኛችሁትን መሰካት አይሰራም።

ቤት ስታስገቡት ሙቀቱ እንዲወጣ ከላዩ ክፍት ቦታ ተዉለት። የማይክ ልኬቱን ስሩ፣ ሰብዉፈር ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስፒከሮቹን ስሞል (ቤዙን ለሰብዉፈሩ የሚተው ምርጫ) አድርጋችሁ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ ለሰብዉፈሩ የሚተላለፍበትን ወሰን፣ ከ80 ኸርዝ ጀምራችሁ ሞክሩ፣ ሞዱን ስቴሪዮ ላይ አድርጉ። ዳይሬክት የሚለው ሞድ ልኬቱን ስለሚያልፈው፣ በአንዳንዶቹ ላይም ሰብዉፈሩን ስለሚያጠፋ፣ በደንብ የምታውቁትን አንድ ዘፈን በሁለቱም ሰምታችሁ የሚሻላችሁን ያዙ።