«ባዶ እጇን መጣች»፦ ከሰፈር የወረሱትን እምነት ከራስ እምነት የመለየት ሥራ

ልጅ ስለራሱ የሚያስበውን አብዛኛውን የሚማረው ማንም ላስተምርህ ሳይለው ነው። ወሎ ውስጥ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ፣ አረብ አገር ያለችው ስንት እንደላከች፣ የማን ልጅ ሳታገባ እንደቆየች፣ ከማን ዘር ጋር ጋብቻ እንደማይታሰብ ይነሳል። ሲኒ የምታቀርበው ልጅ ማን እንደሚመሰገንና ማን እንደሚታማ ለይታ ታድጋለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እንዳስረዳው፣ ፍቅርና ክብር በቅድመ ሁኔታ እየተሰጠው ያደገ ሰው ውሎ አድሮ ራሱንም የሚቀበለው ያንኑ ሁኔታ ሲያሟላ ብቻ ነው።

ሥራው በደብተር ይጀመራል። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ 10 ደቂቃ ወስዳችሁ፣ በዕለቱ ያሸማቀቃችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ በላይ ከሆነ መብሰልሰል ይሆናል። ቃሉን እንደተባለ አስፍሩት። «ዋጋ የለኝም» ድምዳሜ ስለሆነ ከየት እንደመጣ አያሳይም። ከአረብ አገር ስለተመለሰች ልጅ የሚባለው «እሷ እኮ ባዶ እጇን ነው የመጣች» ግን ተናጋሪም ቦታም አለው። ማን እንዳለው፣ መጀመሪያ በስንት ዓመታችሁ እንደሰማችሁት ከጎኑ ጨምሩ።

ቀጥሎ ከሚደጋገሙት አንዱን ብቻ መርጣችሁ በትኑት። ከላይ ያለውን እንውሰድ። ቤተሰብ የመርዳት ፍላጎቱ የልጅቷ የራሷ ሊሆን ይችላል፤ ይቆይ። ለደላላ የተበደሩት ብር ካለ እውነተኛ ዕዳ ነውና ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ተብሎ በሌላ ገጽ ይጻፍ። «ካላመጣሁ ሰው አይደለሁም» የሚለው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ሰፈሩ የሚያየው የቆርቆሮ ቤት መሠራት አለመሠራቱን ነው፤ አሠሪ የያዘባትን ፓስፖርትና ያልተከፈላትን ደመወዝ አያይም። ሦስቱ ተደባልቀው ሲቀመጡ ዕዳው በተነሳ ቁጥር ሰውነቷም አብሮ ይዋረዳል። ለዚህ ነው መለየቱ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ።

አንዳንዱ እምነት ሲበተን የሚቀር ነገር የለውም። ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን «ቡዳ» የሚለው እንዲህ ነው። ጀበናውም ማረሻውም የተገዛው ከእነዚሁ እጅ ነው፤ ስሙ ሙያተኛውን ከጋብቻና ከማዕድ ከማራቅ ሌላ የሠራው ሥራ የለም። ይህን ስም ሲሰማ ያደገ ልጅ የሙያውን ዋጋ ለማየት ጀበናው ከማን እጅ እንደተገዛ ማሰብ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉን ጠራርጎ በመጣል ነው። ቅሬው (እድሩ)፣ ዱአው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሰርግና በለቅሶ አንድ ላይ መቆማቸው ከዚሁ አስተዳደግ የመጡ ናቸው፤ መርምራችሁ «የኔ ነው» ካላችሁ ያዙት። ሌላው ስህተት እናትን ቡና ላይ ሰው ፊት መሞገት ነው። እፍረት የገባው ሰው ሐሳቡን አይመረምርም፣ ይከላከላል። ለብቻ ሲሆኑ «እማዬ፣ እንዲያ ሲሉኝ ከፋኝ፤ ሰው ፊት ባያነሱት ደስ ይለኛል» ይበቃል።

ብቻችሁን አትግፉት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ሙከራ፣ ብዙ ሰዎች በዓይናቸው የሚያዩትን የመስመር ርዝመት እንኳ ቡድኑ ሲሳሳት ተከትለው ይስቱ ነበር። ትክክለኛውን የሚናገር አንድ ሰው ከጎናቸው ሲገኝ ግን ስህተቱ በእጅጉ ቀነሰ። ስለዚህ ደብተሩን የምታሳዩት አንድ ሰው፣ እህት ትሁን ጓደኛ፣ ፈልጉ።

ከዚያ በሳምንት አንድ ትንሽ ሙከራ አድርጉ፤ ለምሳሌ የሸሻችሁት ጎረቤት ቤት ቡና ጠጡ። ከመሄዳችሁ በፊት የፈራችሁትን፣ ስትመለሱ የሆነውን ጻፉ። በሰርግ አትጀምሩ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ መውጫውም አይመችም። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ከቤት መባረር የሚያሰጋችሁ ከሆነ ሙከራው ይቅር፤ በመጀመሪያ ማረፊያ የሚሆን የዘመድ ቤት ይገኝ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቃችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ፣ ሰው ይዛችሁ በዚያው ዕለት ሂዱ።