የሰዓት ማሰሪያን ወደ ጎማ እንዴት እንቀይራለን፦ ለድሬ ሙቀት የሚሆን

ድሬዳዋ ላይ የቆዳ ማሰሪያ ዕድሜ የለውም። የእኔ የመጨረሻው ሚያዝያ ላይ ተገዝቶ ሐምሌን አላየም። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ጠቆረ፣ ቀጥሎ የላብ ጨው ጠርዙ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋገረ፣ በመጨረሻ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ሲያዞር ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ይኸው ማሰሪያ ሐረር ቢሆን ሁለት ክረምት ይሻገር ነበር። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ 1,900 ሜትር አካባቢ ደርሳችኋል፣ ላቡም እዚያው ታች ቀርቷል። እኛ ታች ለቀረነው ግን የሚያዋጣው ጎማ ነው።

ጎማ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በየሱቁ የምታገኙት በብዛት ሲሊኮን ነው። ለስላሳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የፈለጋችሁት ቀለም አለው፣ ሙቀትም አይጎዳውም። ችግሩ አቧራና የልብስ ብናኝ መሳቡ ነው። ጠዋት ጥቁር አስራችሁ ወጥታችሁ ቀፊራ ገበያን አንድ ዙር ከዞራችሁ ግራጫ ሆኖ ይመለሳል። ደግሞ በሹል ነገር አንዴ ከተነካ ከዚያችው ጫፍ ይቀደዳል። የተፈጥሮ ጎማ ከእሱ ይበልጥ ይለጠጣል፣ እጅ ላይም ደስ ይላል፤ የጎማውን ጠረን ለመሸፈን ቫኒላ የሚጨምሩበት አምራቾችም አሉ። ግን ፀሐይና ቅባት ጠላቶቹ ናቸው፣ ውሎ አድሮ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ኤፍኬኤም የሚባለው ነው። ፍሎሪን ያለበት ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን መካኒኮች «ቫይቶን» በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል፤ ነዳጅና ትኩስ ዘይት ባለበት ቦታ የሚገባው ኦሪንግ (ፍሳሽ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) የሚሠራው ከእሱ ነው። ያንን የቻለ የእኛን ፀሐይ አያቅተውም። ከሲሊኮን ከበድ ይላል፣ አቧራ አይዝም፣ ዋጋው ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ሰዓቱን በየቀኑ የምታስሩት ከሆነ እኔ እሱን እላለሁ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ በአውራ ጣታችሁ ደረቁን አሸት አድርጉት፦ ሲሊኮን ጣት ይይዛል፣ ኤፍኬኤም ያንሸራትታል። ገና ከላስቲኩ ሲወጣ እንደ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ የሚሸተውን ደግሞ እዚያው ተዉት።

አንዳንዱ ማሰሪያ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ሞገድ ታያላችሁ። ለውበት ብቻ የመጣ አይደለም። ሴይኮ በ1975 እ.ኤ.አ. ለ600 ሜትር ጥልቀት በሠራው የጠላቂዎች ሰዓት ላይ ያስገባው ነው። ጠላቂ ወደ ታች ሲወርድ ሰዓቱ ከላዩ የታሰረበት የመጥለቂያ ልብሱ በውሃው ግፊት ይሳሳል፣ ማሰሪያው ይላላል፤ ተለጥጦ የታሰረው እጥፋት ያኔ ይሰበሰብና ክፍተቱን ይሞላል። ድሬ ውስጥ የሚያገለግለው በሙቀት እጃችን ሲያብጥ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ለኩ፣ የምትለኩትም ሰዓቱን ነው። ማሰሪያው የሚገባባቸው አራት ቀንዶች አሉ፤ የሚፈለገው በሁለቱ ቀንዶች መካከል፣ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ ያለው ርቀት ነው። እኔ ያንን ትቼ በሰዓቱ ላይ የነበረውን ማሰሪያ ለካሁ፣ 20 ሚሊሜትር አለኝ፣ 20 ገዛሁ። ስገጥመው ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ጊዜ ይዤው ወደ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ አየውና፦

«አቦ ልጄ፣ ሰዓቱ እጅህ ላይ እያለ ማሰሪያውን ምን ትጠይቀዋለህ?»

ለካ ሰዓቱን ያገለገለ ስገዛው የቀድሞው ባለቤት በ22 ቦታ 20 አስሮበት ኖሯል።

ካሊፐር (ሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ከሌላችሁ ከደብተር ሽፋን ቀጭን ቁራጭ ቁረጡ። ሳይታጠፍና ሳይወዛወዝ በቀንዶቹ መካከል ልክ እስኪቆም ድረስ ጠርዙን እየቀነሳችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ቁራጩን በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው 18፣ 20 ወይም 22 ነው። የድሮዎቹ ትናንሽ ሴይኮ 5 በአብዛኛው 18 ናቸው። 19 እና 21 የሆኑም አሉ፣ ስለዚህ በግምት ወደ 18፣ 20 ወይም 22 አትውሰዱት። ለስላሳ ሲሊኮን አንድ ሚሊሜትር ቢበልጥ ተጨቁኖ ይገባ ይሆናል፤ ኤፍኬኤም ግን እሺ አይልም።

ማሰሪያው ለሰውነቱ ቅርጽ ተለይቶ የተሠራ ሰዓት ካላችሁ (የካሲዮ ጂ-ሾክ ዓይነቶቹ) ይህ ሁሉ አይሠራም፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ብቻ ፈልጉ። ሌላው ምርጫ የጫፉ ቅርጽ ነው። ጫፉ ቀጥ ያለ ማሰሪያ በሰዓቱና በእሱ መካከል ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ የሰዓቱን ክብ ተከትሎ የጎበጠው ክፍተቱን ይዘጋል፣ ግን ለአንድ ዓይነት ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ፣ ነገ ወደ ሌላ ሰዓቴ ይዛወራልና።

ማሰሪያውን ከቀንዶቹ ጋር የሚያያይዘው ፒን የሚባል ቀጭን ዘንግ ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ የፒን ማውጫ፣ ፕላስተር፣ ፎጣ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ወፍራም ግልጽ ፌስታል ነው። ቢላዋ አይሆንም፤ በቢላዋ የሞከርኩ ቀን ቀንዱን ቧጨርኩት፣ ፒኑም ተስፈንጥሮ ጠፋ፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከምሳ በኋላ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ አዲስ ፒን እስከ 10 ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ።

ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉና ሰዓቱን በፊቱ ድፉት። ቀንዶቹን ከውጭም ከጀርባም በፕላስተር ሸፍኑ። ፌስታሉ ለዚህ ነው፦ እጃችሁንና ሰዓቱን ውስጡ አስገብታችሁ ብትሠሩ የተስፈነጠረ ፒን የትም አይሄድም። የማውጫውን ሹካ ከጀርባ በኩል በማሰሪያውና በቀንዱ መካከል አስገቡ። ፒኑ ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ ጫፉ አጠገብም ትንሽ ትከሻ አለችው፤ ሹካው የሚይዘው እሷን ነው። ትከሻዋን ወደ መሐል ገፋ፣ ማሰሪያውን ቀስ ብላችሁ ወደ ጀርባ ሳብ አድርጉ። አንዱ ጫፍ ከወጣ ሌላው በራሱ ይከተላል። ቀንዱ ከውጭ በኩል የተበሳ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ በቀጭን ሹል ነገር በቀዳዳው በኩል ፒኑን መግፋት ብቻ ነው።

ማሰሪያው ሲወጣ ከሥሩ የሚታየውን ጥቁር ቅባት እንዳላየ አትለፉ። በደረቅ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በትንሹ እርጥብ በሆነ ጨርቅ አጽዱት። ቧንቧ ሥር አታስገቡት። ጀርባው ላይ 3 ባር ወይም 30 ሜትር የሚል ሰዓት እጅ ስትታጠቡ የሚረጨውን ውሃ ይችላል ማለት እንጂ ዋና ይችላል ማለት አይደለም፣ የጎማ ማሰሪያ ስለገባለትም ይህ አይለወጥም።

ከመግጠማችሁ በፊት ፒኑን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ጫፉ ካልተመለሰ፣ ከጎበጠ ወይም ከዛገ ጣሉት። ሰዓት ከእጅ ወድቆ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚህች ፒን ምክንያት ነው፣ እሷ ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ናት። ውፍረቱንም እዩ፤ 1.5 እና 1.8 ሚሊሜትር የተለመዱ ናቸው፣ የሴይኮ የጠላቂዎች ሰዓቶች ግን 2.5 የሚደርስ ወፍራም ፒን አላቸው። ፒኑ በማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ማለፍ አለበት።

ዘለበት ያለው አጭሩ ክፍል በ12 ቁጥር በኩል፣ ረጅሙ በ6 በኩል ነው። የፒኑን አንድ ጫፍ ቀንዱ ውስጥ ካለችው ቀዳዳ ሰኩ፣ ሌላውን ጫፍ በሹካው ጫን አድርጋችሁ እያንሸራተታችሁ አስገቡ። ቀዳዳውን ሲያገኝ ጠቅ ይላል። ካላለ አልገባም፤ የገባ መስሎ ጠርዝ ላይ ያረፈ ፒን መንገድ ላይ ነው የሚለቀው። ስለዚህ ማሰሪያውን ይዛችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፣ ወደ ግራና ቀኝም ጠምዘዝ አድርጉት። ከማሰሪያው ሥር ትንሽ እጀታ ያለው ፒን ከገዛችሁ ማውጫ አያስፈልግም፣ በጥፍር ይገባል፣ ሳቡ ያልኩት ግን ለእሱም ነው።

አንዳንዱ ማሰሪያ ተቆርጦ ነው የሚስተካከለው። እዚህ ላይ ቸኩሎ ያልተጸጸተ ሰው አላውቅም። ከሁለቱም ወገን እኩል፣ በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ቁረጡ፣ በየመሐሉ አስራችሁ ሞክሩ። ልኩን የምትወስዱት ደግሞ ጠዋት ሳይሆን እጅ በሙቀት በሚያብጥበት ሰዓት፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ጣት በምቾት የሚያስገባ ከሆነ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማጠብ ነው። ማታ ፈትታችሁ፣ ሰዓቱን ሳታስነኩ ማሰሪያውን ብቻ በሳሙና ውሃ አሸት አሸት፣ ከሥሩ ያለውን ላብ ማስለቀቅ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ። ቆዳችሁን የሚያሳክክ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጎማው ሳይሆን ከታመቀው ላብና ሳሙና ነው። ቤንዚን ያጸዳል ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ፣ የተፈጥሮ ጎማንና ሲሊኮንን ያሳብጣል። ቫዝሊንም እንዲሁ፣ በተለይ ለተፈጥሮ ጎማ። ሽቶ ደግሞ ከማሰራችሁ በፊት ተቀቡ።

የወጡትን አሮጌ ፒኖች፣ ደህና ከሆኑ፣ በክብሪት ቀፎ አስቀምጡና ላዩ ላይ 18 ወይም 22 ብላችሁ ጻፉበት።