ይረጭ ወይስ ይቆይ? በሰብል በሽታ ስሌት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ጥያቄውን «ዛሬ ይረጭ ወይስ ጭራሽ ይቅር?» ብሎ መጀመር ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ አይቶ መወሰን የሚባል ሦስተኛ ምርጫ መኖሩ ይረሳል። በቁጥር እንየው። በሽታው የመነሣት ዕድሉ 40 በመቶ፣ ዝም ከተባለ ጉዳቱ 100 (በገንዘብ አሃድ)፣ የርጭት ወጪው (መድኃኒቱ፣ ጉልበቱ፣ ሲረጭ የሚረገጠው ሰብል ጭምር) 20 ይሁን። የዛሬ ርጭት ጉዳቱን 80 በመቶ ያስቀራል። ጭራሽ ካልተረጨ የሚጠበቀው ኪሳራ 40 ነው፤ ዛሬ ከተረጨ 20 + 0.4 × 20 = 28። እዚህ ላይ «መርጨት ያዋጣል» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል! አምስት ቀን ተጠብቆ በሽታው ከታየ ብቻ ቢረጭስ? የዘገየው ርጭት 60 በመቶ ብቻ ቢያድን እንኳ 0.4 × (20 + 40) = 24 ይመጣል፤ ከሦስቱም ያነሰው ይኸ ነው። የዘገየው ርጭት የሚያድነው 50 በመቶ ሲሆን ዛሬ መርጨትና መቆየት እኩል ይወጣሉ፤ ከዚያ ከወረደ ዛሬውኑ ይረጭ። ተለፍቶ መለካት ያለበት ይህ ቁጥር ሆኖ ሳለ ጀማሪ ጊዜውን የሚፈጀው የእህል ዋጋ ሲተነብይ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ለሁሉም መድኃኒት አንድ አይደለም። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ ቀድሞ ቅጠሉ ላይ ካልተረጨ፣ ፈንገሱ አንዴ ከገባ በኋላ አያድንም። እንደ ፕሮፒኮናዞል ያለው ቅጠል ውስጥ ስለሚዘልቅ ጥቂት ቀን ፋታ ይሰጣል።

«አልታየም» ማለት «አልገባም» ማለት አይደለም። የስንዴ ቢጫ ዋግ (የፈንገስ በሽታ) ከገባ በኋላ ቢጫ ዱቄቱን እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ በቀን 0.2 መጠን ያለማቋረጥ የሚያድግ በሽታ (e^(0.2 × 14)) በዚያ ጊዜ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከላይ ያለው 24 የማሳው አሰሳ በሽታ ምንም እንደማያመልጠው ታስቦ የወጣ ነው፤ ከአራት አንዱን ቢስት 0.4 × (0.75 × 60 + 0.25 × 100) ተመልሶ 28 ይሆናል። የመጠበቁ ትርፍ በዚህ አለቀ።

ማስጠንቀቂያን እንደ ዕድል መቁጠርም የተለመደ ነው። በሽታ ሲኖር 90 በመቶ የሚጮህ፣ ሳይኖር ደግሞ 20 በመቶ በሐሰት የሚጮህ የትንበያ መሣሪያ እንውሰድ። በሽታው በተለምዶ ከአሥር ወቅት በአንዱ የሚመጣ ከሆነ፣ ከጩኸቱ በኋላ ዕድሉ 33 በመቶ ነው። «ዛሬ ወይስ ጭራሽ» ለሚል ስሌት ለመርጨት የሚያበቃው ዝቅተኛ ዕድል ወጪው ለሚድነው ጉዳት ሲካፈል 20 ÷ 80፣ ማለትም 25 በመቶ ስለሆነ ይረጫል። ከሃያ በአንዱ ከሆነ ግን ያው ጩኸት 19 በመቶ ብቻ ይሰጣል፤ አይረጭም።

ባለፈው ሳምንት ለርጭት የወጣ ገንዘብ በዛሬው ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ለቋሚ ተክል የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ማስላት አይበቃም፤ የታመመ ዛፍ ለከርሞም ይዞት ይሻገራል፣ ጎረቤቱንም ያስይዛል።