ጋራ ሥር ቤት ያላችሁ፣ ሰደድ እሳት ሳይመጣ ይህን አድርጉ

ሐረር ሐኪም ጋራ ግርጌ፣ ድሬም ከደንገጎ በታች ናቸው። በጋ ሲገባ የጋራው ሣር ክው ይላል፤ ከሰል አክሳይ የተወው ፍም ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ነበልባሉ እየተንቀለቀለ መጥቶ ቤቱን የሚውጠው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቤት የሚያያዘው ነፋስ በሚያመጣው ፍም ነው፣ እሳቱ ገና ማዶ እያለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ስትነድ 85 ሰው ሞቷል፤ ቤቱ አመድ ሆኖ ዛፉ ግን ቅጠሉን እንደያዘ የቆመበት ግቢ ብዙ ነበር። ስለዚህ ጋራውን ተዉትና ከግድግዳችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ፣ ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚቃጠል ነገር አይኑር። ችግሩ የማሽላ አገዳ ነው! ማሽላው ከታጨደ በኋላ ለከብትም ለማገዶም ይሆናል ተብሎ ግድግዳ አስደግፈን እንከምረዋለን፣ ከሥሩ ጭራሮ፣ ከጎኑ ኩበት። ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት። ቦታው ዳገት ከሆነ ከቤቱ በታች አትከምሩት፤ እሳት ሽቅብ ነው የሚሮጠው።

ቀጥሎ ጣሪያው። ቆርቆሮ አይነድም ብላችሁ አትዘናጉ። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ በሞገዱ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ ፍሙ በዚያ ይገባና ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከሆነ አለቀ። በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት። ለአየር የምትተዉትን ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ሸፍኑት፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። (የጀጎል ሰዎች በድንጋይ ግድግዳና በጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ይህን ጣጣ ድሮ ገላግለውታል።)

ከዚያ እስከ 30 ሜትር ድረስ ሣሩን አሳጥሩ። ፍየል ካላችሁ ሥራው በነፃ ያልቃል። ባሕር ዛፍ ቤት አጠገብ አትትከሉ፤ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የተላጠው ልጡም እየነደደ በነፋስ ይበራል። የቁልቋል አጥር እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አይያያዝም፣ ከሥሩ የደረቀውን ግን ጥረጉ።

ጎረቤት አትርሱ። ቤታችሁ ከተጠጋጋ የሱ አገዳ የናንተም ጣጣ ነው፣ በርጫ ላይ አንሱት። ጭሱ ወደናንተ ካዘነበለ ደግሞ ልጆችንና አዛውንትን ቀድማችሁ አውጡ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ግጥም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ሂዱ። ቆርቆሮ ላይ ውኃ እረጫለሁ ብሎ የሚቀር አይኑር።